መምህር ኩራሞቺ ያቀረቡልኝ ፍል ውሃ

—ሄሎ... አቤት፣ እትዬ ቶሚኮ... አዎ፣ አሁን መግባቴ ነው። ካፖርቴን እንኳ አላወለቅኩም።

—ምን ሻይ አለ ብለሽ ነው... ተይኝ እባክሽ። ጉልበትሽን አሞሽ መቅረትሽ በጀሽ። ብቻዬን ነበርኩ። የሻይ ክፍሏማ ያችው ናት፣ አራት ሰው የማታስቀምጥ። መምህር ኩራሞቺ ግን... ምን ልበልሽ፣ እኛም ሰልችተናቸዋል መሰለኝ። ሃያ ዓመት ሻይ ያስተማሩን ሰውዬ ዱቄቱን ረሱት።

—የሻዩን ዱቄት ነው የምልሽ። ዱቄቱን ሳይጨምሩ ፍል ውሃውን ብቻ በመምቻው መትተው መትተው በጣባ አቀረቡልኝ።

—ምን እላለሁ? ጠጣሁታ። እንግዳ አይደለሁ? «ግሩም ሻይ ነው» ብዬ እጅ ነሳሁ። አንቺ ብትሆኚ ታርሚያቸው ነበር? ... እ።

—ኦሳሙ፣ ቴሌቪዥኑን ቀንስልኝ፣ እትዬ ናት።

—አዎ... ሲያናግሩኝም ምላሳቸው ይተሳሰራል። ሳኬ መጠጥ ቀማምሰው ነው ብዬ አፈርኩላቸው... አፋቸው? ቆይ እስቲ... ወደ አንድ ጎን ሸሸት ያለ መሰለኝ። መብራቱ ደብዛዛ ነው፣ ደግሞ የመምህሬን ፊት አፍጥጬ አላይ።

—በቀኛቸው ነው ያቀረቡልኝ። ግራው ጭናቸው ላይ ነበር። ሁሌ በሁለት እጅ እኮ ነው... ምን አልሽ? ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?

—እንደ አባባ? ያኔ ግማሽ ጎናቸውን እንደያዛቸው? ... አይ፣ እትዬ፣ አታስፈራሪኝ።

—አልሸኙኝም። ውጭ ቆሜ ጠበቅኩ፣ እንደ ወጉ በሯን ከፈት አድርገው ጎንበስ እንዲሉ... አልተከፈተችም። ቅር ብሏቸዋል ብዬ ሄድኩ። ተመልሶ መጥራት ነውር ነው፣ እሳቸው ራሳቸው ናቸው ያስተማሩን... ከወጣሁ አንድ ሰዓት ሆነኝ። ወይኔ። ፈገግ ብዬ ነው ትቻቸው የወጣሁት።

—ኦሳሙ፣ በስልክህ አምቡላንስ ጥራ። ለመምህር ኩራሞቺ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት በል። ቶሎ።

—እትዬ፣ እኔ ሩቅ ነኝ። የምትቀርቢው አንቺ ነሽ፣ ሁለት ቤት ነው የሚለያችሁ። ጉልበትሽን አውቃለሁ፣ ሂጂ... ስልኩን አትዝጊ፣ ይዘሽው ሂጂ።

—ደረስሽ? ... በጓሮ በኩል ግቢ፣ አይቆለፍም። «ይቅርታ» እያልሽ ደጅ እንዳትቆሚ። ከነጫማሽ ግቢ፣ እትዬ... ምንጣፉን ርገጪው እንጂ፣ ምን ይሆናል!

—አገኘሻቸው? ... ወድቀው? ... ይተነፍሳሉ? ... እትዬ፣ አልሰማሽም፣ ይተነፍሳሉ ወይ? ... ሄሎ? ... ሄሎ?

—ኦሳሙ... ተቋረጠ።