ወንፈል በስልክ

እንዴት አደርሽ የምስራች? ልጆቹ፣ ከብቱ ደኅና? ጉልበትሽስ? ወንዛዬ ወርደሽ ፍል ውኃው ተስማማሽ አሉኝ፤ እሰይ! በይ ማጭድሽን ያዢና ከእኔ ጎን ግቢ፤ ይሄ ደመና የኅዳር ደመና አይመስልም... ገብሱን ሳያረግፈው እንቅደመው።

ጮክ ብዬ ማውራቴን አትታዘቢኝ፣ ነፋሱ ነው። የወሰኑ ድንጋይ ላይ ለተቀመጠው ሰው ብዬ እንዳይመስልሽ... እሱማ የት ሰምቶን! ስልኩ ላይ ነው፤ ሥራ የያዘ ሰው ደግሞ አይረበሽም።

እኔ የተማረ ሰው ስወድ! የሰው ልጅ አራት ዓመት ሙሉ ደብተር ሲያገላብጥ ይኖራል፤ እሱ ዩኒቨርሲቲውን በዓመት ከመንፈቅ ጨረሰው። «ከእንግዲህ የምናስተምርህ የለንም» ብለው ሸኙት መሰለኝ... ልጄ አንዱአምላክ ከእሱ ጋር አንድ ዶርም ነበር። የፈተና ቀን እንኳ እንደ ዳዊት ደጋሚ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ቀረ ይለኛል። ዶርሙ ሙሉ እንደዚያው ነበር አሉ፤ እሱ ግን ሁሉንም በለጣቸው። ምን ዓይነት ትጋት ነው? የጣራ ገዳም መነኮሳት እንኳ ለእህል ውኃ ቀና ይላሉ!

ወንፈሉንስ አየሽው? አባቱ የሉ፣ የቤቱ ወንድ እሱ ነው ብለን ጠራነው። ለጎረቤታችን ለማሩ አጨዳ መጣ፣ ለገሰሰ መጣ፣ ለእኔም መጣ... አንድ ቀን አልቀረ! እኛ አጎንብሰን ስናጭድ እሱ ቆሞ ቀረጸን። የእኔን ወገብ ስንት አገር አየው መሰለሽ? ሥራ ለሠሪው፣ ላይክ ላንሺው...

ዛሬ የእናቱ ተራ ሲደርስ ወንዶቹ ምን አሉ? «እሱ በስልክ ሠራልን፣ እኛም በስልክ እንመልስለታለን።» ይሄው እቤታቸው ቁጭ ብለው ቪዲዮውን እያዩለት ነው። ብድር በምድር አይደል?

እንግዲህ የቀረነው እኔና አንቺ፣ እሷም... እያት እስቲ፣ በዚያ ዕድሜ። አንጀቴን ትበላኛለች። ትናንት እዚሁ ትልሙ ላይ አዙሯት ወደቀች። ልጅ ግን ልጅ ነው፤ ሮጦ አነሳት... በስልኩ። ስንት ሰው «አይዞሽ እማማ» ብሎ ጻፈላት መሰለሽ! እሷ ማንበብ ባትችልም።

ብቻ እግዜር ይባርከው፣ እሷንም ዕድሜ ይስጥልን። ሞት ለማንም አይቀርምና፣ ያረፈች ዕለት ኔትወርክ አይጥፋበት፤ ከአንድ ጣሪያ ሥር ቢሆኑም፣ መርዶዋን ቶሎ ያድርስለት።