የቀለም ደብተሩን ፈልገሽ ከመጣሽ

ግቢ እንጂ፣ እቴቴ! ምነው በር ላይ ቆምሽ? ቤትሽ አይደል… ማለቴ የእህትሽ ልጅ ቤት ነው፤ ቤት ካልነው። የአናጺው ጓሮ ነው። ወንበሮቹን ቫርኒሽ እቀባለታለሁ፣ እሱም ጓሮውን ይሰጠኛል። ተጠንቀቂ፣ እዚያኛው ላይ እንዳትደገፊ፣ ገና አልደረቀም። ይኼኛው ይሻልሻል። ጠዋት ሰማዩ እንዲያ ጠቁሮ አይተሽዋል? ዶፍ ሊወርድ ነው ስንል ይኸው ፀሐይ! ሻይ ላፍላ? አይሆንም? እሺ፣ እንዳልሽ።

ብቻሽን ነሽ? አይ፣ መኪናዋን አይቻታለሁ። እሳቸው፣ አማችሽ፣ አይወርዱም? ተያቸው፣ አትጥሪያቸው፤ ስልካቸው ላይ ናቸው። ሥራ ላይ ያለ ሰው አይረበሽም። መስኮቱን ግን ልክፈተው፣ ይኼ ቫርኒሽ ራስ ያዞራል። እንዲህ… አሁን ደህና ነው። ለካ መኪናዋን ግድግዳው ሥር ነው ያቆሟት! እጄን ብዘረጋ መስታወቷን እነካዋለሁ። ይሰሙን ይሆን እንዴ? ኧረ ምን ሊሰሙ! እኛ እኮ ስለ አየር ጠባይ ነው የምናወራው።

ልጅሽ እንዴት ናት? መጠየቄ ነው እንጂ አይቻታለሁ። ባለፈው ሳምንት መኝታ ቤታቸውን ለሕዝብ ያሳዩ ጊዜ ማን ያላየ አለ? አልጋው፣ መጋረጃው፣ እሷ ትራሱን አቅፋ ስትስቅ… ደስ አይልም? ድሮ ባልና ሚስት በራቸውን ይዘጉ ነበር፤ ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት ነው! አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ፣ ለክፋት አይደለም፤ ከራስጌው በላይ ያለው ስቱኮ በደንብ አልተላገም። በቪዲዮ እንኳ ያስታውቃል። የቀለም ሱቅ ባለቤት መኝታ ቤት ግድግዳው ሲጎረብጥ ትንሽ… ግን ማን ያያል? ሰው የሚያየው ትራሱን ነው።

ስማቸውን የማልጠራው ለክብራቸው ነው። ደግሞስ ሰውን በስሙ መጥራት ያረጀ ዘዴ ነው ተብሏል። ማን እንዳለ… ሆድ ይፍጀው።

ስንት ሺህ ተከታይ ደረሱ? ሠላሳ ሺህ? ይገርማል! ጋሼ ባልሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ተከታይ ነበረው፤ እሱም እኔ ነበርኩ፣ ባልዲ ተሸክሜ። «ሂድና ግድግዳውን እየው» ይለኝ ነበር፣ ታስታውሻለሽ? እኔ ያኔ ኬሚስትሪ ተመርቄ፣ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ፣ ዲግሪዬን ፍራሽ ሥር አድርጌ ነው እናንተ ዘንድ የመጣሁት። ቀለም መቀመም ለኔ ምን ይከብዳል ብዬ። ጋሼ ግን መጀመሪያ ያስተማረኝ መቀመም አልነበረም፤ ሰው ቤት መግባት ነው። መዳፍ የምታህል ቦታ ቀብተህ ትመጣለህ፤ በማግስቱ ጠዋት ሄደህ ታያለህ፣ ከሰዓት ደግሞ ሄደህ ታያለህ። መስኮቱ ወደየት ነው? ክፍሉ ውስጥ የሚተኛው ማን ነው? ታማሚ አለ? ለአንድ ጣሳ ቀለም ሦስት ጊዜ ምልልስ! አሁን ሳስበው ያሳፍራል። በአንድ ሥዕል የሚያልቅ ነገር።

አንዲት ሴትዮ ከስልክ ላይ መርጣ ያዘዘችው ክሬም ግድግዳዋ ላይ ሲደርቅ የጉበት በሽተኛ መሰለ አሉ። እውነት ነው? እሳቸው ግን ምንም አልተደናገጡም። «የስልክሽን ብርሃን ቀንሰሽ እዪው» አሏት። እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር? ሞኝ ነኝ፣ ባልዲ ተሸክሜ እሄድ ነበር። ለዚህ ነው እሳቸው መኪና ውስጥ፣ እኔ ጓሮ ውስጥ የሆንነው።

የጋሼን የኀዘን ማስታወቂያም እኮ ያወጡት እሳቸው ናቸው። እንዴት ያለ ማስታወቂያ! ፎቶው በአበባ ተከቦ፣ ጽሑፉ አንጀት የሚበላ… ከግርጌው ደግሞ «ለበለጠ መረጃ ገጻችንን ይከተሉ»። እኔ አንብቤ ብዙ አሰብኩ። ጋሼ ከሞተ በኋላ ምን ተጨማሪ መረጃ ይመጣ ይሆን ብዬ።

አንቺ ግን ለዚህ አልመጣሽም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልመጣ ሰው ለአየር ጠባይ አይመጣም… ደብተሩን ነው፣ አይደል? ፊትሽ ነገረኝ። አናጺውም ነግሮኛል፤ የሆቴሉን በሮች የሚሠራው እሱ አይደል? ስልሳ ሁለት ክፍል፣ ኮሪደሩ ሳይቆጠር። የቤት አያያዝ ኃላፊዋ «በፊት የነበረውን ቀለም ራሱን አምጡ፣ ሌላ አልፈልግም» ብላ እስከ ቅዳሜ ጊዜ ሰጥታችኋለች። ቅዳሜ ካለፈ ሌላ ሱቅ ትሄዳለች። እሷ ከሄደች ደግሞ የጋሼ ሱቅ… እኔ አልጨርሰውም። ሠላሳ ሺህ ሰው እየተከተለው የሚዘጋ ሱቅ አለ ብሎ ማን ያምናል?

የግድግዳውን ፎቶ አንስተው ኮምፒውተሩን «ቀለሙን ንገረኝ» ብለውታል አሉ። ሰባት ናሙና ሠሩ። ሰባቱም ወንድማማች ይመስላሉ፤ ግድግዳውን የሚመስል ግን አንድም የለም። ምን ያድርጉ? ጥረታቸውን ማድነቅ ነው። ቀመሩን እኔ ስጽፈው እሳቸው ገና እናንተ ቤት ለምሳ ነበር የሚመጡት።

ያን ደብተር ደግሞ ከእኔ በላይ እሳቸው ያውቁታል። «እስቲ አንዴ ልየው» ብለው ወሰዱት። እኔም ሰጠኋቸው፤ የቤት ሰው አይደሉ? ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ ነበረው። ከላይ ስሙና ስልኩ፣ መሐል ላይ የቀለሙ ቀመር፣ ከታች ስለ ሰውዬው አንድ መስመር። ያቺን መስመር የምጽፋት ሰው እንዳላስቀይም ነበር። እሳቸው ስሙን ኮምፒውተር ላይ አስገለበጡ፣ ስልኩን አስገለበጡ፣ መስመሯንም አስገለበጡ። ቀመሩን ተዉት። ቁጥር ምን ያደርጋል? ቁጥር ላይክ አያመጣም።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ለአራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ማስታወቂያ ላኩ፣ በአንድ ጣት! እኔ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ለማወቅ አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ኮምፒውተሯ ምን በወጣት? ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ማስታወሻውን አስገቢ ስትባል አስገባች። «ክቡር ሚስቱ ጥላው ሄዳለች ስለ መኝታ ቤቱ እንዳትጠይቀው፣ መኝታ ቤትዎን የሚያድሱበት ጊዜ አሁን ነው!» «ክቡር ኢንጂነር ሲሉት ደስ ይለዋል ግን አይደለም፣ ልዩ ቅናሽ አዘጋጅተንልዎታል!» ሳቂ እንጂ፣ እቴቴ፣ ያስቃል እኮ። እኔም አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ። «ክብርት ሳትከራከር አትገዛም ዋጋውን ከፍ አድርገህ ጀምር» የምትለዋን እኔው በብስጭት የጻፍኳት ናት፤ እሷ ትገባኛለች፣ አልክድም።

የሒሳብ አስተማሪዬ ግን… ጡረታ የወጡት። እጃቸውን ሁልጊዜ ኪሳቸው ውስጥ ያደርጋሉ። ሰው አላየም ብለው ነበር። «ክቡር እጃቸው ይንቀጠቀጣል ጣሳውን አንተ ክፈትላቸው» የሚል ነው የደረሳቸው። ለሆቴሏ ሴትዮም ደርሷታል። ከሥር ተነስታ፣ አንድ አንድ ደረጃ ወጥታ ኃላፊ የሆነች ሴት ናት። «ክብርት ማንበብ ትቸገራለች የቀለሙን ስም ጮክ ብለህ አንብብላት።» ማንበብ ስለምትቸገር መልእክቱን ማን እንዳነበበላት ታውቂያለሽ? ሥሯ የምትሠራ ልጅ። ጮክ ብላ። አንሶላ የሚያጥፉት ሁሉ ቆመው።

ከዚያ ያ ስብሰባ። መጋዘኑ ውስጥ፣ ባልዲዎቹ መሐል። እሳቸው ደብተሩን ከፍ አድርገው «የማን እጅ ጽሑፍ ነው?» አሉ። ይኼን ሁልጊዜ አደንቅላቸዋለሁ፤ አንድም ውሸት አልተናገሩም። የእኔ እጅ ጽሑፍ ነበረ። አንድ ውሸት ሳይናገሩ ሰው ማጥፋት ትምህርት የሚጠይቅ ነገር ነው፤ እኛ ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩንም። ልጅሽ መሬት መሬት ታያለች። አንቺ… አንቺም አልዋሸሽም። እጅሽን ዘርግተሽ የሱቁን ቁልፍ ብቻ ተቀበልሽኝ። መልእክቱን ማን እንደላከው ታውቂ ነበር፣ እቴቴ? ተይው፣ አትመልሺልኝ። ደክመሻል፣ መንገዱ ሩቅ ነው።

በማግስቱ ለአራት መቶ አሥራ ሁለቱም የይቅርታ መልእክት ተላከ። «በቀድሞ ሠራተኛችን የሥነ ምግባር ጉድለት ለተፈጠረው…» የሚለው። በዚያኛው ላይ ኮምፒውተሯ አልተሳሳተችም፤ ስም በትክክል ገባ። የእኔ ስም።

ደብተሩንም «ወሬህን ይዘህ ሂድ» ብለው ወረወሩልኝ። ቸር ናቸው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ያቃጥለው ነበር።

ይኸውልሽ፣ እዚያ ሳጥን ላይ ነው። ውሰጂው፣ አልከለክልሽም! ምነው፣ ቀለለሽ? ግለጪው እስቲ። አዎ… ሽፋኑ ብቻ ነው።

ገጾቹን ገንጥዬ ለየባለቤታቸው ሰጠኋቸው። እንዲህ አትዪኝ፣ አላበድኩም። የሰው ቤት ቀለም የቤቱ ባለቤት ነው ብዬ ነው። ዓመት ከአራት ወር ፈጀብኝ። በእግሬ፣ በር እያንኳኳሁ፣ ገጹን በእጅ እየሰጠሁ፣ «ይኼን ስለ እርስዎ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ» እያልኩ። የላኩት እኔ አይደለሁም አላልኩም። ቢባልስ ማን ያምናል? አንዱ ከደረጃው ገፈተረኝ። ኢንጂነሩ ውሻ ለቀቀብኝ፤ ኢንጂነር ብዬ ስጠራው ግን ውሻውን አሰረው። ሚስቱ የሄደችበት ሰውዬ ገጹን አንብቦ አጠፈውና «ለካ ለዚህ ነው ሁልጊዜ ሳሎኑን ብቻ የምትጠይቀኝ» አለኝ። አስተማሪዬ ደግሞ ገጹን ተቀብለው ወደ ውስጥ ገቡ። አባረሩኝ ብዬ ልመለስ ስል አንድ ጣሳ ይዘው ወጡ። «ክፈትልኝ» አሉኝ። ከኪሳቸው ባወጡት እጅ ነው የሰጡኝ።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ነገር ስንት ላይክ ያመጣል? ማን አየኝና! ካሜራ አልያዝኩም። ለዚህ እኮ ነው ከሥራ የምባረረው።

የሆቴሉ ገጽ እሷ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ስታስገባው አይቻለሁ። ቀመሩ እዚያው ላይ አለ፣ አንድ ቁጥር አልጎደለም። ታዲያ ለምን ራሷ አትሰጣችሁም ትዪኝ ይሆናል። ስለ ቀለሙ ብቻ አይመስለኝም የጠየቀቻችሁ። ሰው እስኪመጣላት እየጠበቀች ይሆናል። መልእክት አትወድም፤ ለምን እንደማትወድ አሁን ታውቂያለሽ። ፊት ማየት ነው የምትፈልገው።

ታዲያ ምን ያስቸግራል? እሳቸው ይሂዱ። አንደበታቸው እንደሆነ ማር ነው፣ ሠላሳ ሺህ ሰው ይመሰክራል። በሯን ያንኳኩ፣ አንሶላ የሚያጥፉት ሁሉ ባሉበት ይቁሙና «እኔ ነኝ የላክሁት» ይበሏት። ሦስት ቃል ናት። ሦስት ቃል ብለው ስልሳ ሁለት ክፍል ይዘው ይመለሳሉ፣ ሱቁም አይዘጋም፣ ጋሼም በሰላም ይተኛል። እኔ ምንም አልፈልግም። ወደ ሱቁ መልሱኝም አልልም። እሷ ብቻ ትስማው፤ እሷ ከሰማች የቀሩት አራት መቶ አሥራ አንዱም ይሰሙታል። እኔ ያስቸግራል ብዬ አላስብም… አንቺስ? እንደዚያ ያለ ሰው ሦስት ቃል ያጣል?

ምነው፣ የመኪናው መስታወት ወደ ላይ ወጣ? በረዳቸው መሰለኝ። በዚህ ፀሐይ! ሞተሩንም አስነሱት። ተነሺ እንግዲህ፣ ሥራ ያለበትን ሰው አናስጠብቅ። ቀሚስሽን ሰብሰብ አድርጊ፣ ያኛው ወንበር አሁንም አልደረቀም።

አይ፣ ቂም የለኝም። ባንቺ ላይ ምን ቂም ይኖረኛል፣ የእናቴ እህት አይደለሽ? ቁሚ፣ ሳልመርቅሽ አትሄጂም። ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ። ቤትሽን ሰው ይሙላው። አንድ ቀን ደክመሽ አልጋ ላይ ብትውዪ፣ ቀኑ ረዝሞብሽ ዓይንሽ በሩን በሩን ቢያይ፣ ሌላ ሰው አያስፈልግሽ፤ እሳቸው ይኑሩልሽ። እንደ አማት ብቻ አይደለም፣ እቴቴ፣ ያ ያንስብሻል… እንደ ደንበኛ ይውደዱሽ። አሜን በይ እንጂ።