አያ አሻግሬ ያልተናዘዙት

በችሎት ጸሐፊነት ዐሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ሲክድ መጻፍ ነው። «አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ በዕለቱ በስፍራው አልነበርሁም» የሚለውን የጻፍሁበት ወረቀት ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠል ከመካነ ሰላም ከላላ ከተማ ሳይደርስ አይቀርም። ሰው በገዛ አፉ ጥፋቱን ይናገራል ቢሉኝ እስቅ ነበር። ባለፈው ነሐሴ ያየሁት ነገር ግን ሳቄን አስተወኝ።

ነሐሴ ዐሥራ ሁለት ቀን፣ ለሥራ ከሄድሁበት ከወግዲ ስመለስ መኪናችንን ጭቃ ያዘው። ዝናቡ ከነነጎድጓዱ ወረደ። ተሳፋሪው ወዳገኘው ጥግ ሲሮጥ እኔ ከመንገዱ ዳር ካለው ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ገብቼ ተጠለልሁ። እዚያ ሁለት ሰዎች ቀድመውኛል። አንደኛውን ዐውቀዋለሁ፤ ዲያቆን በእውቀቱ ነው። የመካነ ሰላም ልጅ ነው፤ ደሴ ሄዶ የእርሻ ትምህርት ተምሮ ተመልሷል፤ በትርፍ ጊዜው ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተምራል። ሌላው ስድሳውን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል፤ መብረቁ ብልጭ ባለ ቁጥር እየተንቀጠቀጡ ወደ ግድግዳው ይሸጎጣሉ።

«ጌታው፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አሉኝ ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ።

«ፍርድ ቤት ነኝ፣ አባቴ። ጸሐፊ ነኝ።»

ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዘጠኝ ዓመት ያለፈው ነገር ይከሰሳል እንዴ?» አሉ።

እኔ የድንበር ነገር መስሎኝ፣ «ይንገሩኝና እዚሁ ልጻፍልዎ» ብዬ ቀለድሁ። አልሳቁም። በእውቀቱም አልሳቀም። ቀልዴን ብተወው ይሻል እንደነበር ያኔ ገባኝ።

«አያ አሻግሬ የዚሁ ደብር ምእመን ናቸው» አለኝ በእውቀቱ። «ከባለቤታቸው ከእማማ ንግሥቴ ጋር ለፍልሰታ ጾም ፍቺ ሊቆርቡ ቀጠሮ ይዘዋል። አራት ቀን ነው የቀረው። ይኸ ሦስተኛ ቀጠሯቸው ነው፤ ሁለቱን አፍርሰዋል። ዛሬም ላፍርስ እያሉኝ ነው።»

በአገራችን ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ድረው ካበቁ በኋላ አብረው መቁረብ የተለመደ ነው። ንግሥቴ ነጠላዋን አጥባ፣ ዘመድ ጠርታ ትጠብቃለች። ባሏ ግን ቀኑ ሲደርስ አንድ ጊዜ ወገቤን አሉ፤ ሌላ ጊዜ በቅሎ ጠፋብኝ አሉ። ሦስተኛ ምክንያት ከየት ይምጣ?

«አንተ ልጅ፣ ሳልናዘዝ ብቆርብስ?» አሉ አያ አሻግሬ።

«እሳት መጉረስ ይሆንብዎታል።»

«እሱንማ እኔም ዐውቃለሁ። ሌሊት ሌሊት ምላሴ ሲቃጠል ነው የሚታየኝ። ግን እኮ ግሼን ማርያም ሰባት ጊዜ በእግሬ ሄጃለሁ። ጾም አላጎድልም። ጽዋ አወጣለሁ። ይኸ ሁሉ አንዲት ነገር አይሸፍንም?»

«ጾሙም ጉዞውም መልካም ነው፣ አያ አሻግሬ። ለመሸፈኛ ሲሆን ነው የሚበላሸው። ክርስቶስ የሞተልን ቁስላችንን ሊያጥብልን ነው፤ እርስዎ ደግሞ ቁስሉን ሸፍነው ልብሱን ብቻ ያሳጥባሉ።»

«እሱ ሁሉን ያውቅ የለም? ለቄሱ መንገሩ ምን ይረባል?»

«አዳምን ‹ወዴት ነህ?› ያለው ያለበት ጠፍቶት ነው? ከተደበቀበት እንዲወጣ ነው እንጂ። እርስዎንም የሚጠራዎት ለዚያው ነው።»

ሽማግሌው የልባቸውን አወጡ። የነፍስ አባታቸው በየወሩ ቤታቸው ይገባል፣ ከማዕዳቸው ይበላል፤ አባቱም የአባታቸው ነፍስ አባት ነበሩ። ይህን ሰው በማግስቱ በምን ዓይናቸው ይዩት?

«ነፍስ አባት እንደ ርስት አይወረስም» አለ በእውቀቱ። «አፍረው ከሚደብቁ፣ አስፈቅደው ሌላ ካህን ዘንድ ይሂዱ። ማንም ካህን ቢሆን የሰማውን ቢያወጣ ክህነቱን ያጣል። ስንት ሰው በዚህ ይሉኝታ ግማሹን ኃጢአት ይዞ ተቀበረ!»

ነጎድጓዱ ደጀ ሰላሙን አናጋው። አያ አሻግሬ ጆሯቸውን ይዘው ቁጢጥ አሉ። ቀና ሲሉ ዕንባቸው ጢማቸው ላይ ደርሷል።

«ልጄን እኔ ነኝ የገደልኋት» አሉ።

የነገሩን ይኸ ነው። ፍቅርአዲስ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረቻቸው። ገበሬውን የሚያስተምረው ባለሙያ የነቀዝ ክኒን ሲሰጣቸው «ሰው በሚተኛበት ቤት እንዳያደርጉት፣ ጭሱ ይገድላል» ብሏቸዋል። እሳቸው ግን እህሉን ወደ ውጭ ማውጣት ታከታቸውና ክኒኑን ቤት ውስጥ ካለው ጎታ ጨመሩት። ልጅቷ የምትተኛው ጎታው ሥር ካለው መደብ ላይ ነበር። ስታስመልስ አድራ ሲነጋ ሞተች።

«በዋዜማው ሸክላ ሠሪዋ አልታየች ማሰሮ ይዛ መጥታ፣ ‹ይቺ ልጅ እንዴት ታምራለች› ብላ ነበር። ሰዉ ‹ቡዳዋ በላቻት› አለ። እኔን ሲጠይቁኝ ‹አዎ፣ ዓይኗን ተክላባት ነበር› አልሁ። እሷ እንደሞተች ጎታውን ከፍቼ አይቻለሁ፤ ሽታውን አውቄዋለሁ። እያወቅሁ ነው ያልሁት። ከዚያ በኋላ እሳት የሚሰጣት ጠፋ፤ ልጆች ሲያዩዋት ይሸሻሉ። ለንግሥቴ እንደ እኅት ነበረች፤ ንግሥቴ ራሷ ደጇ ላይ ሄዳ ረገመቻት። አገር ለቅቃ ከላላ ገባች።»

በእውቀቱ ክኒኑን በትምህርቱ ያውቀዋልና ፊቱን ወደ ዝናቡ አዞረ። እኔም ፈራሁ። ስንት ክህደት የጻፈ እጄ እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

«ጌታው» አሉኝ ሽማግሌው፣ «ጥፋቱን ተናግሮ ነጻ የሚወጣበት ችሎት አለ?»

«በእኛ ቤት የለም» አልሁ። «የተናገረ ይቀጣል፤ የካደ ማስረጃ ካልተገኘበት ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

«በዚህ ቤት ግን አለ» አለ በእውቀቱ ወደ ቤተ መቅደሱ እያመለከተ። «በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴ ምን ይዞ ገባ? ጾም የለው፣ ጉዞ የለው። ‹ይኸ ፍርድ ይገባኛል› አለ፤ ቀጥሎ ‹አስበኝ› አለ። በቃ።»

«ቄሱ ‹ሄደህ የአልታየች እግር ላይ ውደቅ› ቢለኝስ? ንግሥቴ ብትሰማስ?»

«ሊልዎት ይችላል። አልዋሽዎትም።»

«እንግዲያ እኔ ብቻዬን ልጥፋ!» ብለው ጮኹ። «እሷ ሳትሰማ እኔ ብቻዬን ልቃጠል!»

«ይሁዳም እንዲሁ ነው ያደረገው፣ አያ አሻግሬ። ጥፋቱን በአፉ ተናግሯል፤ ብሩንም መልሷል። ያቃተው ‹ይምረኛል› ብሎ ማመን ነው። ጴጥሮስም ክዷል፤ አልቅሶ ምሕረቱን ጠበቀ፣ ዳነ። ኑዛዜ ያለ እምነት ወደ ገመድ ነው የሚወስደው። እምነትም ያለ ኑዛዜ...»

«እንደ እኔ መንቀጥቀጥ ነው» አሉ ሽማግሌው።

በእውቀቱ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። «አብሽሩ፣ አይዞዎት። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ብቻዬን ልጥፋ ይላሉ፤ ከላላ ያለችውስ? የእርስዎን ጥፋት የተሸከመ አንድ ንጹሕ አለ፤ ክርስቶስ ነው፤ እሱ ወድዶ ነው የተሸከመው። አልታየችን ግን ማን ጠየቃት? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አሸክመዋታል።»

አያ አሻግሬ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። የፍልሰታ ቅዳሴ ገና መውጣቱ ነበር። ጫማቸውን አውልቀው፣ በዚያ ዝናብ ግቢውን አቋርጠው፣ አባ የኋላሸት ወደሚባሉት፣ የነፍስ አባታቸው ወዳልሆኑት መነኩሴ ሄዱ። እኔና በእውቀቱ ከደጀ ሰላሙ ሆነን አየናቸው። አንድም ቃል አልሰማንም፤ ትከሻቸው ሲርገበገብ ብቻ ነው ያየነው። በመጨረሻ መነኩሴው መስቀላቸውን አሳርፈው «እግዚአብሔር ይፍታህ» ሲሉ ድምፃቸው እኛ ዘንድ ደረሰ።

ለፍልሰታ ፍቺ አልቆረቡም። ቀኖናቸው ቀላል አልነበረም፦ መጀመሪያ ለሚስታቸው፣ ቀጥሎ ለአልታየች፣ ከዚያ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመኑ ሁሉ እንዲናገሩ ነው የታዘዙት። ንግሥቴ ስትሰማ አንድ ጊዜ ጮኸች፤ ልብሷን ጠቅልላ ወንድሟ ቤት ገባች፤ አርባ ቀን አላናገረቻቸውም። «ልጄን ሳታውቅ ገደልሃት» አለቻቸው በመጨረሻ፤ «እኅቴን ግን እያወቅህ።» ከዚያ ተነሥታ ቀድማቸው አልታየች ዘንድ ከላላ ወረደች።

የምክሩን ፍሬ ልንገራችሁ፣ አንባብያን። በዚያ ደብር ዛሬ የነቀዝ ክኒን በመኝታ ቤት የሚያኖር የለም፤ አያ አሻግሬ ራሳቸው ቤት ለቤት እየዞሩ ይመክራሉ። ልጅ ሲታመም ጤና ጣቢያ ይወሰዳል እንጂ ዓይኗን ያሳረፈችበትን ሴት ፍለጋ አይወጣም። በይሉኝታ የተያዙ ብዙ ሰዎች አስፈቅደው ሌላ ነፍስ አባት ይዘዋል። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ፤ ሃያ ዓመት የያዝኋት አንዲት ነገር ነበረችኝ፤ ምን እንደሆነች ለእናንተ አልናገርም።

ለኅዳር ጽዮን ባልና ሚስቱ ታርቀው ሲቆርቡ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ሸክላ ሠሪዋ አልታየች ከከላላ መጥታለች። ቀድሞ «ይቅር ለእግዜር» ብላቸዋለች፤ ስትላቸውም አልዋሸችም፤ ዘጠኝ ዓመቷን ግን ማንም አይመልስላትም። ከቅዳሴው በኋላ ዛፍ ሥር ተቀምጣ አየኋት፤ ሕፃን ባለፈ ቁጥር ነጠላዋን በዓይኗ ላይ ትስባለች። ንግሥቴ የታላቅ ልጇን ጨቅላ ይዛ መጣችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችባት።

አልታየች ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ወደ ጎን አዞረች። «ኧረ ውሰጂው፣ ሰው ያየናል!» አለች።

«ይዩን» አሉ አያ አሻግሬ ከፊቷ ተንበርክከው። «እባክሽ፣ አልታየች፣ እይው።»

ቀስ ብላ ዓይኗን ገለጠችና ልጁን አየችው።