የሚያጉረመርመው ጊታር

— ሄሎ... ወንድሜ፣ አንተ ነህ? እሰይ፣ እንኳን ደወልክ። ራዲዮ ጠጋኝ ወንድም እያለኝ በኤሌክትሪክ ልናልቅ ነው።

— ኧረ ማንም አልሞተም። እስካሁን።

— ጊታሩ ነዋ። ይቺ ልጄ ሚጡ ከቁም ሳጥኔ በር የሠራችው። ልብሴ አቧራ እየጠጣ ነው፣ እሱስ ይሁን። ጠዋት ማግኔቶቹን ገጠመች፣ ሽቦውን በየደች፣ ክሩን ወጠረች። አሁን ድምፅ ማጉያው ላይ ስትሰካው እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ስማው... ትሰማኛለህ?

— የባንዱ አለቃ እኮ ሳሎን ቁጭ ብሏል። ማታ ሠርግ አላቸው። ጊታርሽ ከሠራ ባንዱ ውስጥ ትገቢያለሽ ብሏት ነበር፣ አሁን ሰዓቱን እያየ ነው። ካልተስተካከለ ቦታዋን ለሌላ ልጅ ሊሰጥ... — ሻይህን ጠጣ እንጂ የኔ ልጅ፣ ይበርዳል። — ለሱ ነው።

— ምን ትንካ? ብረት በባዶ እጇ? አንተ ጤናም የለህ... እሺ፣ እሺ። ሚጡ፣ ገመዱ ጊታሩ ላይ የሚገባበትን ብረት ንኪ ይላል አጎትሽ። መጀመሪያ ጫማሽን አድርጊ።

— ቀነሰ። ስትነካው ጩኸቱ ቀነሰ። ... አሁን ክሩን? ... ክሩን ስትነካ ያው ነው።

— የቷ ሽቦ? ... ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት ሥር የምትገባው... ጫፏ የተላጠው ቀጭኗ...

— ሄሎ፣ አለሁ። ቆይ፣ ድምፄን ልቀንስ።

— እሷን እኔ ነኝ የጠቀለልኳት። በጥቁር ናስትሮ፣ አጥብቄ። ሚጡ እጇን ልትታጠብ ስትወጣ ራቁቷን ተጋድማ አየኋታ። የተላጠ ሽቦ ሰው ይገድላል ያልከኝ አንተ አይደለህ? ... የግድግዳውን ሽቦ ነው ያልከው? እኔ ምን አውቄ፣ ሽቦ ሽቦ ነው።

— አትሳቅ። አትሳቅብኝ እያልኩህ፣ ሰው ተቀምጧል።

— ሚጡ፣ ነይ እስቲ፣ እንዳትቆጪ። ሶኬቱን ንቀይና ካቻቢቴሽን አምጪ። ያንን ብረት ፍቺው፣ ሥሩ ጥቁር ነገር አለ... አዎ፣ እኔ ነኝ። በኋላ ትጮሂብኛለሽ።

— እየፈታች ነው። ... ናስትሮውን ላጠችው። ሽቦዋን ብረቱ ሥር አስገባቻት። ብሎኑን እያጠበቀች ነው... ሰካችው።

— ያጉረመርማል። አለቀልን። አላልኩህም? ቢሳካ ነበር የሚገርመኝ።

— እ? ክሩን ሲነኩት ነው ዝም የሚለው? እና ማን ይንካው... ቆዪ ሚጡ፣ እጅሽን አንሺ። እኔ እነካዋለሁ። ቢይዝ እኔን ይያዝ። አንተም አትናገረኝ፣ ዓይኔን ጨፍኛለሁ።

— ...

— ዝም አለ።

— ዝም አለ ወንድሜ። እጄን ሳነሳ ያጉረመርማል፣ ሳሳርፍበት ጭጭ። እንደታቀፈ ሕፃን። ... አይ፣ አልያዘኝም። ምንም የለውም እኮ፣ ብረት ነው፣ ይቀዘቅዛል።

— ቆይ፣ ልትጫወት ነው። ስልኩን ላስጠጋልህ...

— ሰማህ? የቁም ሳጥኔ በር ነው ያ። አለቃው ሻዩን ትቶ ተነሳ፣ በእግሩ እየመታ ነው። ምን አላት መሰለህ? ማታ ከፊት ትቆሚያለሽ አላት። ከፊት ወንድሜ፣ ከኋላ አይደለም።

— እሱስ ልክ ነህ፣ ግን ዝናብ ቢመጣስ? መብራት ቢጠፋስ? ሽቦው መሐል ላይ ቢበጠስ... እሺ፣ ተውኩት። ለዛሬ ተውኩት።

— ሄሎ? ... ምን አልከኝ? አልሰማህም፣ ድምፁን ጨምራዋለች፣ መስኮቱ ሁሉ እየተንቀጠቀጠ ነው። ... ቀንሺማ አልላትም።

— በል ዝጋው፣ ጎረቤት በር እየደበደበ ነው። ሄጄ የማን ልጅ እንደሆነች ልንገራቸው።