ሮማ ደርሶ የመጣው ፈረሰኛ

ነገ ፈረስ የሚጋለብበት የመርቆሬዎስ በዓል ነው። እቴነሽ ደጃፏ ተቀምጣ የባሏን የፈረስ ግላስ ታራግፋለች። ባሏ ጌጡ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ የደብረ ታቦርን ፈረሰኞች ፊት ሆኖ ሲመራ ኖሮ፣ ዘንድሮ «ሮማ ያየ ሰው ይምራ» ተብሎ ቀረ። ያ ሮማ ያየው ጎረቤት ደግሞ ይኸው፣ ከአጥሩ ማዶ ፈረሱን ያሻሻል። እቴነሽ አንጀቷ አሯል። ፊቷን አጠገቧ ወደተቀመጠችው ወደ ወለተሥላሴ አዙራ፣ ድምፅዋን ግን ለአጥሩ እንዲበቃ አድርጋ ጀመረች።

«ብርዱ እንዴት ነው ወለትዬ? ገብሱስ ገባልሽ?... ተመስገን። ጥጋብ ነው። ጥጋብ ባይሆንማ ሰው ፈርሶ ያለቀ ሜዳ ሊያይ ባሕር ይሻገራል?... ኧረ ለክፋት አይደለም! መታደል ነው እንጂ። የጥንት ሮማውያን ፈረስ ያስሮጡበት የነበረ ሜዳ ነው አሉ፤ እዚያ የምትኖረው እህቱ ወስዳ አሳየችው። በስልኩ ያነሳውን አላሳየሽም? እኔንስ ደጋግሞ አሳይቶኛል። ሣር አለ፣ ድንጋይ አለ፣ እሱ አለ። ፈረሱን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት...

ለካ እዚያ ፈረስ ላይ አይወጣም! ጋሪ ላይ ቆመው ነበር አሉ የሚሽቀዳደሙት። እዪ እንግዲህ፣ እኛ ከመናኸሪያ ሰው የሚያመላልሰውን ባለጋሪ ስንንቅ፣ ለካ ሮማዊ ኖሯል! እሱስ ለምን ደስ አይለው? ጋሪ እኮ መያዣ አለው...

ያልተገላበጠ ያራል ይሉ የለ? እሱ እንደሆነ ሮማም ሳይሄድ፣ አምና በመርቆሬዎስ ዕለት፣ በሕዝብ ፊት ተገላብጧል። ምን ያሳፍራል? ፈረሱ እኮ አንደኛ ወጣ! ብቻውን መጣ እንጂ... ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ እሱንም ጎመን ጓሮ ድረስ አደረሰው። ያን ቀን ከጭቃው ያነሳው ማን ነበር?... ተይው፣ ያነሳ ሰው ስሙ አይነሳም። ያነሳውማ ግላሱን አጣጥፎ ሣጥን ሊከት ነው።»

ከአጥሩ ማዶ ማሻሸቱ ቆመ። እቴነሽ ሰማች፤ ደስ አላት። ግላሱን እንደገና ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው።

«አይ፣ ደግ ሰው ነው፣ ይምራ! እኔ ልመናዬ አንድ ነው። ሰማዕቱ መርቆሬዎስ ነገ ፈረሱንም ጌታውንም አብሮ ይመልሳቸው። አብሮ ባይሆንም እንኳ... ለጌጡ የሚያነሳበትን ጉልበት አያሳጣው። አሜን በይ እንጂ!»