ላዩ የእኔ፣ ታቹ ያንተ

አራዳ ውስጥ፣ ቅርስ ተብሎ በተመዘገበ አሮጌ ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት ቤት፣ በማለዳ፤ ዘርትሁን በረንዳዋ ላይ ቆማለች፣ ታናሽ ወንድሟ ሽብሩ ከግቢው አንጋጦ ያያታል፣ በመካከላቸው የነበረው የእንጨት ደረጃ ተነቅሎ አጥሩ ሥር ተጋድሟል።

ዘርትሁን፦ መልሰው አልኩህ! አሁኑኑ ከነቀልክበት ቦታ መልሰው!

ሽብሩ፦ እትዬ፣ ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል። እኔ መች ቤት እንዳለሽ አወቅሁ? ጥሩምባው ሲነፋ ለቅሶ ቤት ሄደሻል ብዬ እኮ ነው።

ዘርትሁን፦ እንዲያ ከሆነማ ይባስ! ሰው ለቅሶ ሲወጣ አድፍጠህ ቤት ልትነቅል?

ሽብሩ፦ ቤት አልነቀልኩም። ደረጃ ነው የነቀልኩት።

ዘርትሁን፦ ታዲያ ስመለስ በምን ልወጣ ነበር? በክንፍ?

ሽብሩ፦ ስትመለሺ በር ላይ ቆሜ ልጠብቅሽ ነበር። መኪና ይዤ፣ ወደ እኛ ቤት ልወስድሽ። ክፍልሽም ተሰናድቷል። የልጅ ልጆቼ እትዬ ልትመጣ ነው ብለው ሲዘሉ ነው ያመሹት።

ዘርትሁን፦ ጎሽ! ለልጆቹ ሁሉ ነግረህ ለእኔ ብቻ ረሳህ። ይህን ብልጠት ማን አስተማረህ? ያ አፍርሰን ፎቅ እንሥራ የሚልህ አልሚ ነኝ ባይ?

ሽብሩ፦ ሰውየው ስም አለው።

ዘርትሁን፦ እኔም ቤት አለኝ።

ሽብሩ፦ በሕግ እንነጋገር ካልሽ ደረጃው የቆመው በእኔ መሬት ላይ ነው። አባባ ሽማግሌ አስቀምጦ ሲያካፍለን፣ ላዩ የእሷ፣ ታቹ የእሱ አለ። ደረጃ ደግሞ ታች ነው።

ዘርትሁን፦ እግሩ ታች ነው። ራሱ የእኔን በረንዳ ተደግፎ ነው የኖረው። ግማሹን ነቅለህ ግማሹን አትተውልኝም ነበር?

ሽብሩ፦ ቀልድ አይደለም እትዬ።

ዘርትሁን፦ እኔ ነኝ የምቀልደው? «የራሴን ምድር ቤት ብቻ ነው የማፈርሰው፣ ያንቺን አልነካም» ያለኝ ማን ነው? ታቹ ሲፈርስ እኔ ምን ላይ ልቆም ነው ብዬ ብጠይቅህ «እሱን መሐንዲሱ ያውቃል» አላልከኝም?

ሽብሩ፦ አምልጦኝ ነው። በይ አሁን መሰላል አምጥቻለሁ፣ ይኸው። አጥብቄ እይዝልሻለሁ፣ ቀስ እያልሽ ውረጂ።

ዘርትሁን፦ እንድወርድ ትይዝልኛለህ። ተመልሼ እንድወጣስ?

ሽብሩ፦ እሱ...

ዘርትሁን፦ እኮ! ዛሬ ለምን እንድወርድ ፈለግህ?

ሽብሩ፦ ረፋዱ ላይ ሰዎች ይመጣሉ። ቤቱን ሊያዩ።

ዘርትሁን፦ የትኞቹ ሰዎች? በሩ ላይ «ቅርስ» የሚል ታርጋ የለጠፉት?

ሽብሩ፦ እነሱም አሉበት። ሰው የሚኖርበት መሆን አለመሆኑን አይተው ይወስናሉ።

ዘርትሁን፦ ሰው ካለበትስ?

ሽብሩ፦ ይጠገን እንጂ አይፈርስም ይላሉ።

ዘርትሁን፦ ባዶ ከሆነስ?

ሽብሩ፦ ያው... ለአደጋ ያሰጋል ይባልና አፍርሶ አዲስ ለመሥራት ይፈቀዳል።

ዘርትሁን፦ አሃ! ስለዚህ ዛሬ ይህን ቤት አቁሜ የያዝኩት እኔ ነኛ! እንግዲያው መሰላልህን ይዘህ ሂድ። እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።

ሽብሩ፦ ቤት ነው እሱ ደግሞ? ወለሉ ሲረገጥ ይጮኻል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አልጋሽን ከጥግ ጥግ ስትጎትቺ ነው የምታድሪው። የተደገፍሽው መከታ ራሱ በስብሷል። አንድ ቀን ይዞሽ ቢወርድ ሰው ምን ይላል? ወንድም እያላት ይላል። እኔ እኮ እንቅልፍ አጥቻለሁ!

ዘርትሁን፦ ሥሩን ማን አበሰበሰው? ታቹን የሽንኩርት መጋዘን አድርገህ ያከራየኸው አንተ አይደለህም? ግድግዳው እርጥበት ጠጣ፣ ኧረ አሳድሰው ብዬ ስንቴ ለመንኩህ?

ሽብሩ፦ በምን ላሳድሰው? በሲሚንቶ ልለስነው ብል ከለከሉኝ። ድሮ በተሠራበት በጭቃና በጭድ ካልሆነ አሉ። ዛሬ ከተማ ውስጥ ጭቃ አቡኪ ከየት ይመጣል? እንጨት ልቀይር ብል፣ የድሮውን ዓይነት ካላገኘህ አትንካ አሉኝ። ታርጋ ለጥፈው ሄዱ። ታርጋ ዝናብ ያስጥላል?

ዘርትሁን፦ እሱስ እውነትህን ነው። ታርጋው እኔንም አናዶኛል። ቢሆንም አናደደኝ ብዬ ቤቴን በእጄ አላፈርስም።

ሽብሩ፦ አንቺ እኮ የሚሠራውን አላየሽም። ጂ ፕላስ ፋይቭ ነው። አራተኛው ላይ ሁለት ክፍል፣ ሽንት ቤቱ ውስጡ ያለ፣ በስምሽ! ሊፍት አለው።

ዘርትሁን፦ መብራት ሲጠፋስ?

ሽብሩ፦ ጄኔሬተር ይገባለታል።

ዘርትሁን፦ ነዳጅ ሲጠፋስ?

ሽብሩ፦ ያኔማ በደረጃ ትወጫለሻ!

ዘርትሁን፦ ደረጃማ ትነቅልብኛለህ!

ሽብሩ፦ ሳቂ፣ ሳቂ። እኔ ግን የሚያስቅ ነገር የለኝም። ልጆቼ ተምረው የሰው ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ሰው ሁሉ መሬትህ ወርቅ ነው ይለኛል፤ እኔ ወርቄ ላይ ሽንኩርት ከምሬ ቁጭ ብያለሁ። እርጅና መጣ፣ ምንም ሳላደርግላቸው። እኔስ ሰው አይደለሁም?

ዘርትሁን፦ ነህ። ወንድሜ ነህ፣ እወድሃለሁም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔ ወደዚህ ቤት የተመለስኩት እንዴት ነበር?

ሽብሩ፦ ተይው፣ እሱን ምን አነሳው?

ዘርትሁን፦ አልተወውም። ልጅ አልወለድሽም ተብዬ፣ አንድ ሻንጣ ተሰጥቶኝ፣ ከባሌ ቤት በገዛ እናቱ ተገፍትሬ ነው የመጣሁት። ከዚያ ከአክስት ቤት አጎት ቤት ስንከራተት አባባ ሰማና አስመጣኝ። እዚህ በረንዳ ላይ አቁሞ «ላዩ ያንቺ ነው፤ ከእንግዲህ ማንም ውረጂ አይልሽም» አለኝ። ማንም ነው ያለው ሽብሩ። ዛሬ ውረጂ ያለኝ ማን ነው?

ሽብሩ፦ እትዬ እኔ እንደነሱ ነኝ? እኔ ላስወጣሽ ነው?

ዘርትሁን፦ እነሱ እንኳ ቤት ሳለሁ ነው ያስወጡኝ። አንተ ቀብር እስክሄድ ጠበቅህ!

ሽብሩ፦ በቃ፣ በቃ! ልቤን አታድሚው። ማነው ደግሞ በሩን እንዲህ የሚደበድበው?

ዘርትሁን፦ ክፈትላቸው። የዕድሩ ጎረምሶች ናቸው፣ ድንኳኑን ሊወስዱ።

ሽብሩ፦ የምን ድንኳን?

ዘርትሁን፦ የዕድሩን ነዋ! ድንኳኑም አግዳሚውም ብረት ድስቱም ላይ ነው ያለው፣ ከአልጋዬ ጎን።

ሽብሩ፦ እሱን አባባ ታች አይደል እንዴ ያስቀምጥ የነበረው?

ዘርትሁን፦ አንተ ሽንኩርትህን ስታስገባ የት ይሂድ? እኔ ዘንድ ወጣ፣ ጠባቂም ሆንኩ። ጥሩምባ ሲነፋ አገር ሁሉ ይወጣል፤ እኔ ግን ዕቃው ካልወጣ ቤቴን አለቅም። የዕድሩ አባል አይደለህም? ይህን እንዴት አታውቅም?

ሽብሩ፦ እኔማ በየወሩ መዋጮዬን እልካለሁ።

ዘርትሁን፦ መዋጮህ ይመጣል፣ አንተ አትመጣም። ለመሆኑ ማን እንደሞተ ታውቃለህ?

ሽብሩ፦ አልጠየቅሁም።

ዘርትሁን፦ እማማ ጥሩዬ ናቸው።

ሽብሩ፦ ምን? እማማ ጥሩዬ? የእኛዋ? ኧረ ባለፈው እንኳ ታክሲ ስጠብቅ መርቀውኝ... እትዬ፣ እሳቸው እኮ አዝለው ነው ያሳደጉኝ!

ዘርትሁን፦ እኔ ትምህርት ቤት ስውል፣ እናታችን ገበያ ስትወጣ፣ አዎ። አሁን ለቀስተኛው ሜዳ ላይ ቆሟል፣ ድንኳናቸው ካንተ ደረጃ በላይ ተንጠልጥሏል።

ሽብሩ፦ ጉድ ሆንኩ! ወርውሪያ ታዲያ ከላይ!

ዘርትሁን፦ ብረት ድስት ወርውሬ ሰው ልፍጅ? አንድ ለቅሶ አይበቃንም?

ሽብሩ፦ በመሰላሉ ያውርዱት።

ዘርትሁን፦ ያውርዱት፣ አልከለክልም። ብቻ ደረጃው የት ሄደ ሲሉህ ምን እንደምትል አሁኑኑ አስብ።

ሽብሩ፦ ቆይ፣ በቀዳዳው ልይ... ወይኔ! ጎረምሶቹ ብቻ አይደሉም። የዕድሩ ዳኛ ራሳቸው አሉ። ጋሽ ደምስስ!

ዘርትሁን፦ ዘግይቶባቸው ነዋ። ክፈትላቸው።

ሽብሩ፦ በሕዝብ ፊት ነው የሚያዋርዱኝ! እህቱን ለማስወጣት የእማማ ጥሩዬን ድንኳን አገተ ይሉኛል። ከዕድር ያስወጡኛል፤ ከዚያ ማን ሊቀብረኝ ነው? እትዬ፣ አንድ ነገር በይልኝ። በናታችን!

ዘርትሁን፦ እልልሃለሁ። በሩን ክፈት።

ሽብሩ፦ ምን ልትዪ?

ዘርትሁን፦ ክፈት አልኩህ!

ሽብሩ፦ ይግቡ ጋሽ ደምስስ። ግቡ ልጆች። እግዜር ያጽናን... ደረጃው? ደረጃውማ...

ዘርትሁን፦ ጋሽ ደምስስ! ይቅርታ ያድርጉልን፣ አዘገየንዎት። አይ፣ አይ፣ አይቆጡት! ሽብሩ እኮ ደግ አስቦ ነው የነቀለው። እህቴን በስብሶ እንዳይጥላት ብሎ በአዲስ ሊሠራልኝ ነው። ለቅሶው ድንገት ሆነበት እንጂ።

ሽብሩ፦ እትዬ...

ዘርትሁን፦ ደረጃው ብቻ መስሎዎት? የበረንዳውን መከታ፣ ጣሪያውን፣ የታችኛውን ግድግዳ ሳይቀር ነው። ጭቃ አቡኪ አጣሁ ብሎ ሲጨነቅ ነበር። የእነዚህን ጎረምሶች ጉልበት እያዩት አይደል? ከሰልስቱ በኋላ አንድ ቀን ቢያግዙት ምን ይላሉ? አየህ! ይሁን አሉህ ሽብሩ! ይመርቁት እንጂ ጋሽ ደምስስ፣ ዛሬ እንዲህ ያለ ወንድም የት ይገኛል?

ሽብሩ፦ አሜን... አሜን ጋሽ ደምስስ። ኧረ በቃኝ፣ አሜን።

ዘርትሁን፦ ረፋዱ ላይ ደግሞ ቤቱን የሚያዩ ሰዎች ይመጣሉ። ምን ልትላቸው እንዳሰብክ ንገራቸው እንጂ፤ ዳኛችን ፊት አትፈር።

ሽብሩ፦ ላዩ የእህቴ ነው፣ ትኖርበታለች፣ እላቸዋለሁ። ምን ትገተራላችሁ እናንተ ልጆች፣ ያንን ጫፍ ያዙልኝና ደረጃውን እናቁመው!