መድኃኒት የጫነው ድሮን

ከአምቦ ወደ ጌዶ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናትና አንድ ወጣት ሲያወሩ ሰማሁ። አይተዋወቁም። ወሬውን ያስጀመረው ወጣቱ ጭኑ ላይ ያስቀመጠው ካርቶን ነው።

«ምንድን ነው የያዝከው ልጄ?»

«የድሮን ስብርባሪ ነው አዴ። ራሴ ነኝ የሠራሁት፣ መድኃኒት እንዲያደርስ ብዬ።»

«ለማን?»

«ለአባቴ አገር ሰዎች፣ ከወንዙ ማዶ። እህቴ ወልዳ ደሟ አልቆም ሲል ወንዙ ሞልቶ መድኃኒት የሚያሻግርላት ጠፋ። በዚያው ቀረች።»

«ነፍስ ይማር። ታዲያ ይሄ ምን ሆኖ ተሰበረ?»

«መጀመሪያ ባትሪው እያለቀበት መንገድ ላይ ይወድቅ ነበር። ክብደቱን ቀነስኩ። የሚሽከረከሩትን ክንፎች በረጃጅም ቀይሬ ቀስ ብለው እንዲዞሩ አደረግኩ። በዚያው ባትሪ ደርሶ መመለስ ቻለ።»

«እሰይ።»

«ቅዳሜ ዕለት መድኃኒት ጭኜ ላክሁት። ሰዉ ሲያየው ልጆቹን እየጎተተ ጫካ ገባ። አባቴ በድንጋይ መትቶ ጣለው።»

«አባትህ? ቀድመህ አልነገርከውም?»

«ነግሬዋለሁ። ‹እኛ ላይ የሚያንዣብብ ነገር መድኃኒት አምጥቶ አያውቅም› አለኝ።»

«ድምፁ ይሆናል ያስፈራቸው። ድምፁን መቀነስ አይቻልም?»

«ቀንሼዋለሁ አዴ። ክንፉ ቀስ ሲል ባትሪም ይቆጥባል፣ ድምፁም ይጠፋል። የባሰ የፈሩትም ለዚያ ነው። ‹ድሮ ሲመጣ ሰምተን እንሸሽ ነበር፣ አሁን በምን እናውቃለን?› ይላሉ።»

ጌዶ እስክንደርስ በመስኮቱ ወደ ላይ ላለማየት ዓይኔን ከጫማዬ ላይ አልነቀልኩም።